በቮልጋ ዳር የተቀመጡ አምባሳደሮች

የጀርመን ጦር ሰኔ 15 ቀን 1933 ዓ. ም. የሶቭየትን ድንበር ጥሶ በገባ ጊዜ እንግሊዝ፥ ከጥቂት ወራትም በኋላ አሜሪካ፥ በሃይማኖትም በአስተዳደርም ከማይመስላቸው ከኮሚኒስቶች መንግሥት ጋራ አንድ ሆነው ጠላትን ለመውጋት ተስማሙ። ንጉሦችና ሚኒስትሮች የተዋዋሉት ነገር በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ዳሩ ግን ያን ወዳጅነት በየዕለቱ ተሸክመው በመስኮብ አገር የኖሩት መልእክተኞች ውለው ያደሩበት ሁኔታ እምብዛም አይነገርም።

ጠላት ወደ ሞስኮ በቀረበ ጊዜ፥ ጥቅምት 5 ቀን 1934 ዓ. ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1941)፥ የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ሞሎቶፍ የእንግሊዙን አምባሳደር ሰር ስታፎርድ ክሪፕስንና የአሜሪካውን አምባሳደር ስታይንሃርትን ጠርተው በዚያው ሌሊት ከተማውን ለቀው እንዲወጡ አስታወቋቸው። ሁሉም በምድር ባቡር ተሳፍረው ከአራት ቀን በላይ ተጓዙ። የተላኩበት ከተማ ከሞስኮ ወደ ምሥራቅ 1000 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በቮልጋ ወንዝ ዳር ያለ ነው። የጥንት ስሙ ሳማራ ሲሆን ከ1935 እስከ 1991 በአውሮፓውያን ዘመን ኩይቢሼፍ ይባል ነበር። በዚያው ወር የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ሰርጊዮስም በዚያው ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ኡልያኖፍስክ ተልከዋል፤ ጦርነቱ ጳጳሱንም አምባሳደሩንም በአንድ ወንዝ ዳር አስቀመጣቸው።

ከተማው ከሞስኮ በወጡ መሥሪያ ቤቶችና ስደተኞች ተጨናንቆ ነበርና ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ከዚህም የከፋው የሥራ መጥፋት ነው። ስታሊንና ሞሎቶፍ በሞስኮ ቀሩ፤ በኩይቢሼፍ መልእክተኞችን የሚያነጋግሩት ምክትሉ ቪሺንስኪ ነበሩ። አምባሳደር የሚላከው ጉዳይ ከሚቈርጠው ሰው ፊት ሊቆም ነውና፥ ከዚያ ፊት ከራቀ በኋላ ደብዳቤ ከማድረስ በቀር ምን ይቀረዋል? ክሪፕስ ይህን ደጋግመው ለመንግሥታቸው አማረሩ፥ በ1934 ዓ. ም. ጥር ወር ገደማም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን የጎረቤቶቻቸው ነገር ነው። ጃፓን ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ. ም. የአሜሪካን የጦር መርከቦች በፐርል ሐርበር ስትመታ፥ ሶቭየት ከጃፓን ጋራ አልተዋጋችም፤ እስከ 1937 ዓ. ም. ነሐሴ ድረስም ሰላሟን ጠብቃ ቆየች። ስለዚህ የጃፓን አምባሳደር በዚያችው በኩይቢሼፍ ነበሩ። በባሕር ላይ የሚገዳደሉት መንግሥታት መልእክተኞች በአንድ ትንሽ ከተማ፥ በአንድ መንግሥት እንግድነት ተቀምጠው ሰነበቱ።

ለመጽናኛ የቀረላቸው ቴያትር ነበር። የሞስኮው የቦልሾይ ቴያትር ሰዎች ወደዚያው ተዛውረው ነበርና የካቲት 26 ቀን 1934 ዓ. ም. የሾስታኮቪች ሰባተኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ከተማ ተሰማ። የረኃብና የከበባ ከተማ ለሆነችው ለሌኒንግራድ መታሰቢያ የሆነው ዜማ ከዚያ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ተደመጠ።

ከሕዝቡ ጋራ መቀራረብ ግን አልተፈቀደላቸውም። አምባሳደሩ በወጡ በገቡ ቍጥር ሲቪል የለበሱ የጸጥታ ሰዎች ይከተሏቸዋል፤ ከባዕድ ጋራ ሲነጋገር የታየ ዜጋም ይጠየቅበታል። ስንቅና መሣሪያ በመርከብ እየመጣለት ሳለ ሕዝቡ ከማን እንደ መጣ በግልጥ አይነገረውም ነበር። አሜሪካዊው አምባሳደር አድሚራል ስታንድሊ ይህን ታግሠው ታግሠው የካቲት 29 ቀን 1935 ዓ. ም. በሞስኮ ለጋዜጠኞች በግልጥ ተናገሩ። በዋሽንግቶን ብዙዎች ደነገጡ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን የሶቭየት ጋዜጦች የዕርዳታውን ወሬ አተሙ። የስታንድሊ አነጋገር የመርከበኛ እንጂ የዲፕሎማት አልነበረም፤ ቢሆንም ሠራ።

መልእክተኞቹ በ1935 ዓ. ም. ክረምት ወደ ሞስኮ ተመለሱ። በዚያም በማላያ ሉብያንካ መንገድ፥ ከምስጢር ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ፥ በከተማው ክፍት የቀረችው አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሉዊ ቆይታቸው ነበር። አገልጋይዋ አሜሪካዊው ቄስ ሊዮፖልድ ብራውን ሩዝቬልትና ሊትቪኖፍ በ1926 ዓ. ም. በተለዋወጡት ደብዳቤ መሠረት ለአሜሪካውያን ነፍስ እንዲያገለግሉ የገቡ ናቸው። የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ከሞስኮ ሲወጡ እርሳቸው መንጋቸውን ትተው አልሄዱም፤ እስከ 1938 ዓ. ም. ታኅሣሥ ቆዩ። ነሐሴ 29 ቀን 1935 ዓ. ም. ደግሞ ስታሊን ሰርጊዮስንና ሁለት ሜትሮፖሊታኖችን በክሬምሊን ተቀበሉ፤ ሰርጊዮስም በዚያው ሰሞን ፓትርያርክ ሆነው ተመረጡ።

ዕዳውን እስከ መጨረሻ የከፈሉት ሚስቶች ናቸው። በኪዳኑ ዘመን ጥቂት የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰዎች የሩሲያ ልጃገረዶችን አግብተው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ባሎቹ ወደ አገራቸው ተጠሩ፥ ለአንዳንዶቹ ሚስቶች ግን የመውጫ ፈቃድ ተከለከለ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ቤቪን ስለ እነርሱ ሞሎቶፍን ቢለምኑም ሁሉን ማስለቀቅ አልቻሉም። የካቲት 8 ቀን 1939 ዓ. ም. የሶቭየት ዜጋ ከባዕድ ጋራ እንዳይጋባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ የተሻረው ስታሊን ከሞቱ በኋላ በ1946 ዓ. ም. ነው። ፈቃድ የተከለከሉት ሴቶች ከባሎቻቸው ተለይተው ቀሩ።