የጠመንጃ መነጽር የፀሐይ መከለያ

የፀሐይ መከለያ በአደን ጠመንጃ የማነጣጠሪያ መነጽር የፊት ሌንስ ላይ ተጠምዝዞ የሚገጠምና ከጎን የሚመጣን የፀሐይ ጨረር የሚጋርድ አጭር ቱቦ ነው። ውስጡ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ በደብዛዛ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ጨረሩ ሌንሱን በቀጥታ ሲመታ በመነጽሩ ውስጥ ይበተንና ምስሉን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ችግሩ የሚብሰው ፀሐይ ዝቅ በምትልበት ማለዳና አመሻሽ ሲሆን፣ ብዙ የዱር እንስሳት የሚንቀሳቀሱትም በዚሁ ሰዓት ነው።

የመከለያው አቅም በርዝመቱ ይወሰናል። 50 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሌንስ ላይ የተገጠመ 100 ሚሊሜትር ቱቦ ከመነጽሩ አቅጣጫ ከ27 ዲግሪ በላይ ዘንበል ብሎ የሚመጣን ጨረር ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ፀሐይ ከዒላማው ጀርባ ስትሆን ግን አይረዳም፤ ያኔ መፍትሔው ቦታ መቀየር ብቻ ነው። የንብ እንጀራ መሰል ወንፊት ያለው ዓይነት የሌንሱን ብልጭታ ከእንስሳው ዓይን ይሰውራል፤ በአንጻሩ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል።

መከለያው የሌንስ ልባስን አይተካም። ልባስ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ይህን የሚቀንሰውን ስስ ልባስ በ1935 የሠራው በጀርመኑ ካርል ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ ነው።

መከለያ ቢገጠምም በመነጽሩ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል።