ድርና ማግ

በ1979 ዓ.ም. አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ሳለን የአዲሱ ሱፐርኮንዳክተር ወሬ ሲደርሰን ትዝ ይላችኋል? ይትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን፤ በ93 ኬልቪን ሬዚስታንስ የለም! ፈሳሽ ናይትሮጂን ይበቃዋል። ግን በምድጃ የወጣው ሸክላ መሰል ነገር ብዙ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ ቅንጣቶቹ በየፊናቸው ዞረዋል። በዚያው ዓመት የአይቢኤም ተመራማሪዎች በስትሮንቲየም ታይታኔት ክሪስታል ላይ ስስ ንጣፍ አሳድገው፣ በ77 ኬልቪን በካሬ ሴንቲሜትር ከ100,000 አምፔር በላይ አሳለፉ። የሁለቱ አቶሞች አሰላለፍ ስለሚቀራረብ ንጣፉ የሥሩን መስመር ይዞ ያድጋል።

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ቤታችን ገብቼ ለአባባ ባወራላቸው፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ «ታዲያ ድሩ ካልተስተካከለ ማጉ ምን ያድርግ?» አሉኝ።

ሴሚናር ላይ ይህንኑ ስናገር ከየት አመጣኸው አላችሁኝ። የሸማኔ ልጅ መሆኔን ለአንዳችሁም ነግሬ አላውቅም ነበር። «የአባቴ ነው» አልኩ።