የኤተሩ ወረቀት፦ ሁለት የሕክምና ተማሪዎችና የሆስፒታል መዝገብ

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በአሜሪካ፣ ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና የሚቀርብ በሽተኛ ሕይወቱ በሁለት ሰዎች እጅ ላይ ነበረች፤ አንደኛው ስመ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ሲሆን ሁለተኛው በሽተኛውን በኤተር የሚያስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ገና ያልጨረሰ ተማሪ ነበር። ኤተር ቶሎ የሚተንና ሽታው የሚከረፋ ፈሳሽ ሲሆን፣ ተኑን የሳበ ሰው ራሱን ስቶ ሕመም አይሰማውም። ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ኦክቶበር 16 ቀን 1846 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ሆስፒታል ውስጥ የኤተርን ኃይል በአደባባይ ካሳየ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቢያልፍም፣ መጠኑን ለይቶ በጥንቃቄ መስጠት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አልተቆጠረም፤ ተማሪው ሥራውን የሚማረው በበሽተኛው ላይ ነበር።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ፣ ኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና መሥራች ለመባል የበቃው የሃርቫርዱ ሃርቪ ኩሺንግ ነው። ኩሺንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤተር እንዲሰጥ ከቀዶ ሕክምናው ተመልካቾች ወንበር ተጠርቶ ሲወርድ ስለ ሥራው አንዳች አያውቅም ነበርና በአንድ የሆስፒታሉ ረዳት ሠራተኛ እየተመራ በሽተኛውን አስተኛ፤ ይሁን እንጂ ከበሽተኛው ሆድ የወጣው ትውከት ወደ ሳንባው ገብቶ ሕይወቱ አለፈ። ተማሪው ከሕክምና ትምህርት ለመውጣት ሲቃረብ የተነገረው ማጽናኛ ከሞቱ ይልቅ የዘመኑን የሆስፒታል ልማድ ይገልጻል፦ ሰውየው የታነቀ ቡአ ስለነበረበት ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሯል፣ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ የተለመደ ስለሆነ ረስቶ ትምህርቱን ቢቀጥል ይሻላል የሚል ነበር። የተለመደ ሞት መርማሪ የለውም፤ መዝገብም አይጠየቅበትም።

ኩሺንግ አልረሳም። ከክፍል ጓደኛው ከኧርነስት ኮድማን ጋር ኤተር አሰጣጣቸውን ለማሻሻል ተስማምተው የእራት ግብዣ ውርርድ ገቡ፤ አሸናፊው የሚለየውም በሽተኛው ወደ ክፍሉ ሲመለስ ለተጠየቀው መልስ ለመስጠት የሚችል ያህል ነቅቶ በመገኘቱና ከዚያም በኋላ ባለማስመለሱ ነበር። በሰው ሕይወት ላይ መወራረድ ለዛሬ አንባቢ ቢከብድም፣ ውርርዱ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር አስገኝቷል፤ አሸናፊውን ለመለየት መለኪያ ያስፈልጋል፣ መለኪያው ደግሞ መጻፍ አለበት። በመሆኑም በ1894 ሁለቱ ተማሪዎች ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ ሳለ የበሽተኛውን የልብ ትርታና አተነፋፈስ በየጥቂት ደቂቃው እየቆጠሩ በወረቀት ላይ በነጥብና በመስመር መመዝገብ ጀመሩ።

የኤተር ቻርት የተባለው ይህ ወረቀት ጥቅሙ ለማስታወሻነት ብቻ አልነበረም። በየመሃሉ ትርታ የሚቆጥር ሰው ዓይኑን ከበሽተኛው ላይ ሊያነሳ አይችልም፤ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ወይም ቁልቁል ሲወርድ አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ይታያል፤ በሽተኛው ቢሞት እንኳ ምክንያቱን ከቀዶ ሐኪሙ ትዝታ ሳይሆን ከተጻፈው መፈለግ ይቻላል። ኩሺንግ በ1901 ጣሊያን ውስጥ በፓቪያ ከተማ፣ በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን የሪቫ ሮቺን የደም ግፊት መለኪያ አይቶ በጊዜው ይሠራበት ወደነበረው ባልቲሞር በወሰደ ጊዜ ቻርቱ ሦስተኛ መስመር አገኘ። በ1904 ጉዳዩን የመረመሩ የሃርቫርድ ቀዶ ሐኪሞች መለኪያውን የዘወትር ሥራ ማድረግ አያስፈልግም ቢሉም፣ ፍርዳቸው ብዙ ዕድሜ አላገኘም።

ኮድማን ግን ጥያቄውን ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውጭ አወጣው። «የመጨረሻ ውጤት» ባለው ሐሳቡ መሠረት ሆስፒታል እያንዳንዱን በሽተኛ ከወጣ በኋላም ተከታትሎ ሕክምናው መሳካቱን ማረጋገጥ፣ ካልተሳካም ምክንያቱን መርምሮ ለሕዝብ መግለጽ አለበት። ሐሳቡን ራሱ በከፈተው አነስተኛ ሆስፒታል ፈጽሞ አሳየ፤ ከ1911 እስከ 1916 ታክመው በወጡ 337 በሽተኞች ላይ 123 ስሕተቶች መፈጸማቸውን መዝግቦ፣ የዕውቀት፣ የማመዛዘን፣ የጥንቃቄና የምርመራ ጉድለት እያለ በየዓይነታቸው ለይቶ አሳተማቸው። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሹመት በውጤት ሳይሆን በዕድሜ ቅደም ተከተል መሆኑን ተቃውሞ በ1914 ለቀቀ፤ በ1915 ደግሞ በሐኪሞች ስብሰባ ፊት፣ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላል ለሐኪሞች የምትጥል ሰጎን የተሳለችበትን ትልቅ ሥዕል ገልጦ በማሳየቱ የማኅበር ሊቀ መንበርነቱንና በሃርቫርድ የነበረውን የማስተማር ሥራ አጣ። ሥዕሉ ተሳዳቢ እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ ሆኖም ተመሳሳይ ወረቀት የበሽተኛውን ትርታ ሲቆጥር የተመሰገነውን ያህል የሐኪሙን ስሕተት ሲቆጥር መጠላቱ በሥዕሉ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃው ብዙ ሳይቆይ መጣ። ኮድማን በምሥረታው የተሳተፈበት የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1918 መቶና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሲመረምር፣ የተሟላ የበሽተኛ መዝገብ መያዝን ጨምሮ ጥቂት ነጥቦች ብቻ የነበሩትን ዝቅተኛ መመዘኛ ያለፉት 89 ነበሩ፤ ከወደቁት መካከል ዝነኞች ስለነበሩ ዝርዝሩ ኒው ዮርክ በሚገኘው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ እንዲቃጠል ተደረገ። መመዘኛው ራሱ ግን ቀጥሎ በ1951 ለተቋቋመው የሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ የጋራ ኮሚሽን መሠረት ሆነ። የእያንዳንዱን ቀዶ ሐኪም ውጤት በስም ለሕዝብ መግለጽ የበለጠ ዘገየ፤ የኒው ዮርክ ግዛት የልብ ቀዶ ሐኪሞችን የሞት መጠን በ1991 ያወጣው ኒውስዴይ የተባለ ጋዜጣ በፍርድ ቤት ከሶ ከረታው በኋላ ነው።