የካህናት ትካዜ በትግራይ፦ ከመጻሕፍተ መነኮሳት እስከ ዓይደር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ ምእመናን ደዌና ስለ ጠበል ፈውስ ብዙ የተጻፈ ሲሆን፣ ስለ ካህናቱ የመንፈስ ስብራት የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በመቐለ የሚኖሩ ቤተሰቦች የነፍስ አባት አላቸውና፣ በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት በእነዚህ አባቶች ትከሻ ላይ የጫነው ሐዘን የሰውን ኀጢአትና ለቅሶ የሚቀበለው ካህን የራሱን ለማን እንደሚያራግፍ እንድንመረምር ያስገድዳል። የሕክምና ባለሙያዎች ድባቴ ወይም ድብርት የሚሉት ሕመም ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት ሳያቋርጥ የሚቆይ የስሜት መጨለም፣ ቀድሞ ደስ ይል ከነበረ ነገር ሁሉ መራቅ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ራስን እንደ ከንቱ መቍጠርና አንዳንዴም ሞትን መመኘት የሚታይበት ሲሆን፣ ከተራ ሐዘን የሚለየውም በጽናቱና ሰውን ከሥራው በማስቀረቱ ነው።

ይህ ሁኔታ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ አልነበረም። ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ቀጥሎ አራተኛው ጉባኤ ሆኖ በአንድምታ የሚተረጐመው የመጻሕፍተ መነኮሳት ትምህርት ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የያዘ ነው፤ የመጨረሻው የደብረ ዳሞውን አቡነ አረጋዊ ሳይሆን ዮሐንስ ሳባ የተባለውን ሶርያዊ አባት የሚመለከት መሆኑም መታወቅ አለበት። በመካከለኛው ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሱት እነዚህ መጻሕፍት የነፍስን ጦርነት በዝርዝር ስለሚያጠኑ፣ ሐዘን ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ ለንስሐ እንደሚጠቅም፣ መቼስ ሰውን እንደሚያሰጥም ይመረምራሉ። ከሦስቱ ደራስያን የማር ይስሐቅ ሕይወት ለዚህ ርእስ ልዩ ትርጉም አለው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በመንበሩ ላይ የቆየው 5 ወር ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመልሷል። ስለዚህ የኢትዮጵያ መነኮሳት በእጅጉ ከሚያከብሯቸው መምህራን አንዱ እረኝነትን ትቶ የሄደ እረኛ ነው። ነፍስ በጨለማ የምትከበብበት ሰዓት በትጉሃን ላይ ሳይቀር እንደሚመጣ፣ በዚያ ሰዓት ለመጸለይ እንኳ አቅም ያጣ መነኩሴ ራሱን በመጎናጸፊያው ሸፍኖ ተኝቶ ጨለማው እስኪያልፍ እንዲጠብቅ፣ በዓቱን ግን እንዳይለቅ ይመክራል። በዚህ ምክር ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ድካሙን እንደ ክህደት የማይቈጥር፣ የሚያልፍ መሆኑን ግን የሚያረጋግጥ የአስታማሚ ቃል ነው።

በምዕራቡ ክርስትና ነገሩ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግርዮስ መነኩሴውን ከሚፈታተኑ ስምንት ሐሳቦች መካከል ሐዘንንና ስልቹነትን ለየብቻ ሲቈጥር፣ እ.ኤ.አ. በ604 ያረፈው የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ ዝርዝሩን ከልሶ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው፤ ከዚያም ውሎ አድሮ በስንፍና ኀጢአት ስም ታወቁ። የታመመ ሰው ሰነፍ እየተባለ የሚወቀስበት በር በከፊል የተከፈተው በዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

የመነኮሳቱ ጥበብ ግን በገዳም አጥር ውስጥ የቀረ ሀብት ነበር። የአጥቢያው ቄስ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ በአብዛኛው አርሶ የሚኖር ሰው ነው፤ ሚስቱ ብትሞትበት ክህነቱን ይዞ ሌላ ማግባት አይችልምና የሐዘኑ መጽናኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ጠባብ ነው። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ያለ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት የማይሠራ በመሆኑ፣ በትንሽ አጥቢያ አንዱ ቢታመም አገልግሎቱ ሊታጐል ይችላል፤ ስለዚህም ታምሞ መቅረት ደብሩን እንደመክዳት ይሰማዋል። የነፍስ አባት የሰማውን ኑዛዜ ለማንም መግለጥ አይችልም፤ በዚህም ላይ በሐዋርያት ቀኖናዎች ጋኔን ያደረበት ሰው እስኪነጻ ድረስ ወደ ክህነት እንዳይቀርብ የሚያዝ አንቀጽ ስላለ፣ የአእምሮ ሕመምንና የመንፈስ እስራትን አንድ አድርጎ በሚያይ ኅብረተሰብ መካከል የሚኖር ቄስ ሕመሙ ከታወቀ ከመቅደስ እገለላለሁ ብሎ ቢፈራ አያስደንቅም። ከሁሉ የከፋው ግን የሕመሙ ምልክቶች በካህን ላይ ሲታዩ ጽድቅ መምሰላቸው ነው። የማይበላ ቄስ ጿሚ፣ የማይተኛው ትጉህ፣ ከሰው የሚሸሸው ባሕታዊ፣ ሁልጊዜ የሚያለቅሰው የዕንባ ስጦታ ያለው ተብሎ ይከበራል፤ ጓደኞቹም ሆኑ ምእመናኑ የሚያመሰግኑትን ነገር እንደ ደዌ ሊያዩት አይችሉም። መጻሕፍተ መነኮሳት መልካሙን ሐዘን ከሚገድለው ለመለየት የደከሙት ለዚህ ሲሆን፣ ይህን ትምህርት ግን አብዛኛው የአጥቢያ ካህን ሳያገኘው ነው የተሾመው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የሰሞን መሬቷን አጣች፤ ካህኑም በሰበካ ጉባኤ አነስተኛ ክፍያና በገዛ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ከ10 ዓመት በኋላ የመጣው የ1977 ረኃብ ሲመታ በመቐለ መጠለያዎች የሞቱትን የሚፈታውም ይኸው ራሱ የተራበ ካህን ነበር።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና ወደ ትግራይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተጀመረው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲቆይ፣ በደርግ ዘመን መገባደጃ የሠለጠኑ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች መመደብ ጀመሩ፤ በአገር ውስጥ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን የማሠልጠን ሥራም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በመቐለ የዓይደር ሆስፒታል ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት መስጠቱ ርቀቱን ቢያሳጥረውም፣ ሕዝቡ ጠበልን ትቶ ወደ መድኃኒት አልዞረም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲጠቀም ኖሯል። በእንጦጦ ማርያም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው የሠሩበት ልምድ አንዱ ሌላውን ሳያወግዝ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የዚህ ትብብር ዋና ትኩረት ግን ለጠበል የመጡት ሕመምተኞች ነበሩ።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትና ክልሉን ያገለለው ከበባ ይህን ሁሉ አናጋው። መድኃኒት ጠፋ፤ ባንክና ስልክ ተቋረጡ፤ በተለያዩ ስፍራዎች ካህናት ተገደሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተኩሱን ቢያስቆምም የሞት መርዶው በይፋ የተነገረው ከ1 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በታወጀው የሦስት ቀን ክልላዊ ሐዘን ነበር፤ በመቐለና በየወረዳው ድንኳኖች ሲተከሉ አስከሬን የሌለው ልቅሶ በየቤቱ ገባ። የነፍስ አባት በአንድ ጊዜ ለብዙ ቤቶች መጽናኛ ሆነ፤ ከእነዚያ ቤቶች አንዱም የራሱ ሊሆን ይችል ነበር። በዚያው ላይ በክልሉ አባቶችና በአዲስ አበባው ቅዱስ ሲኖዶስ መካከል የተፈጠረው መለያየት፣ ካህኑ ከበላይ አባት ይጠብቀው የነበረውን የመንፈስ ድጋፍ አዳክሞበታል።

መቐለ ካህናትን የሚያሠለጥነው የቅዱስ ፍሬምናጦስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መንፈሳዊ ኮሌጅም፣ የአእምሮ ሐኪሞችን የያዘው ዓይደርም የሚገኙባት ከተማ ናት። የማር ይስሐቅን ትምህርት ለአጥቢያ ቄሶች በስፋት ማስተማር፣ ለእያንዳንዱ ቄስም ከአለቃው ውጭ የሆነ፣ ስለ ሹመቱ የማይፈርድ አናዛዥ አባት መመደብ፣ ከአባትየው ምክር በላይ የሆነውንም ሕመም ሳያፍር ወደ ሐኪም የሚወስድ ሥርዓት ማበጀት ለቤተ ክርስቲያኒቱ አዲስ ነገር ሳይሆን፣ አራተኛው ጉባኤ ለመነኮሳት ሲያስተምር የኖረውን ለባለ ትዳሩ ቄስ ማዳረስ ነው።