ሲራራ እያለ «የመንገድ ጉዞ» ለምን?

ግንቦት ሲገባ ከዌስት አዳምስ እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ባሉ የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮስ በአውሮፕላን ነው በመኪና?» ጥያቄውን የሚያስነሳው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ የእግር ኳስ ውድድሩን በጁላይ መጀመሪያ ግድም፣ ከተማ እየቀያየረ ያካሂዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ፣ በ2022 ዴንቨር ነበር። ከሎስ አንጀለስ ዳላስ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሲያትል ከ1,800፣ ዴንቨር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆች ያሉት፣ የሚሸጥ ዕቃ የሚጭን፣ የአውሮፕላን ትኬት የከበደው በመኪና ይነሳል። አራት አምስት መኪና ተከታትሎ፣ አንዳንዱም የሚያድርበትን ቤት እየነዳ ወይም እየጎተተ።

ይህን ጉዞ ብዙዎች «ሮድ ትሪፕ» ይሉታል። በአማርኛ እናድርገው ሲባል ደግሞ የትርጉም መሣሪያዎች የሚተፉት «የመንገድ ጉዞ» በማስታወቂያው ላይ ይለጠፋል።

ቃሉ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ባዶም ነው። በአማርኛ «መንገድ» መሬት ላይ የተነጠፈው አስፋልት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ጉዞው ነው። «ነገ መንገድ አለብኝ» ያለ ሰው ጉዞ አለብኝ ማለቱ ነው። የሚሄደው «መንገደኛ» ይባላል፤ ሲሸኙትም «መልካም መንገድ» ይሉታል። እንግዲህ «የመንገድ ጉዞ» ማለት «የጉዞ ጉዞ» ማለት ነው። ቃል ለቃል ሲገለበጥ እንግሊዝኛው የለየው ነገር፣ ማለትም ከአየር ይልቅ መኪና መምረጡና መንገዱን እንደ መድረሻው መውደዱ፣ አንዱም አብሮ አልመጣም።

የባሰውስ የመኪናው ስም ነው። አሜሪካኖች በሁለት ፊደል አሳጥረው «አርቪ» የሚሉትን አንዱ «የመዝናኛ ተሽከርካሪ»፣ ሌላው «ተንቀሳቃሽ ቤት» ይለዋል። ሁለተኛው ስም አሜሪካ ውስጥ ባለቤት አለው፤ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ አንዴ ተጎትቶ ከተተከለ በኋላ በአብዛኛው ከቦታው የማይነቃነቀው ቤት መጠሪያ ነው። «መዝናኛ» የሚለውም ሎስ አንጀለስ ላይ ያማል። በከተማይቱ ጎዳናዎች ዳር በቆሙ በነዚሁ መኪኖች ውስጥ የቤት ኪራይ ያቃታቸው ሰዎች ይኖራሉ። ለነሱ መኪናው መዝናኛ አይደለም።

«ካራቫን እንበለውና እንገላገል» የሚሉም አሉ። ቃሉ ከፋርስ ተነስቶ አውሮፓ የገባ ነው፤ «ቫን» የሚባለው መኪናም ስሙን ያገኘው ከካራቫን ጅራት ተቆርጦ ነው። ችግሩ ካራቫን በእንግሊዝ በመኪና የሚጎተት መኝታ ቤት መሆኑ፣ በአሜሪካ ደግሞ ተከታትሎ የሚሄድ የመኪና ሰልፍ መሆኑ ነው። አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ከሚመጣ፣ ለሁለቱም የየራሳቸውን ስም መስጠት ይሻላል።

ለሰልፉ ሦስት ተፎካካሪዎች አሉ። «ኮንቮይ» በደርግ ዘመን በወታደር ታጅበው ከሚጓዙ የጭነት መኪኖች ጋር የተያያዘ ነው፤ ያንን ዘመን ለሚያስታውስ ሾፌር ቃሉ የፈንጂና የደፈጣ ጥቃት ሽታ አለው። ልጆች ለጫነ መኪና አይሆንም። «ቅፍለት» ከአረብኛው «ቃፊላ» ጋር የሚዛመድ፣ የከበረ ቃል ነው፤ ዛሬም ለወታደርና ለዕርዳታ መኪኖች ሰልፍ ይሠራል። ግን ሰልፉን እንጂ ውስጡ ያለውን ኑሮ፣ ስንቁን፣ ማደሪያውን፣ መሪውን አያሳይም።

ሦስተኛው፣ በጓድ የሚካሄደው የጥንቱ የሩቅ ንግድ ጉዞ መጠሪያ፣ ሲራራ ግን ያሳያል። ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይወጣም ነበር። ከቦንጋና ከጅማ የተነሳው በጎጃም የባሶ ገበያ አድርጎ ጎንደር ይደርስና ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይዘልቃል፤ ከአንኮበር ግርጌ ከአልዩ አምባ የተነሳው የአፋርን በረሃ ቆርጦ ታጁራ ይወርዳል። ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወስዳል፤ ጨርቅና አሞሌ ጨው ይመልሳል። ሽፍታ አለ፣ ኬላ አለ፣ ውኃ የሌለበት መንገድ አለ። ስለዚህ ይጠባበቃል፣ ይሰባሰባል፣ አለቃም ይሾማል። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግ የተወለደው ከዚህ ነው፤ የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው፣ በኋላ የጉምሩክ ሹም ቢሆንም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሲራራ ሥራው አበቃ። ቃሉ ግን ሥራ ፈት ሆኖ ቀረ እንጂ አልሞተም።

ኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ የሆነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ሁለት መጻሕፍት አሳትሟል። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙም አይነሳም፤ ወደ ሀገራችን ለሚመጣ መንገደኛ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ምልልስ የተዘጋጀ መምሪያ ነው። አማርኛ ከመቶ ዓመት በፊት ለሩቅ መንገድ ዝግጅት ቃል አላጠረውም ነበር፤ ዛሬ የሚያጥርበት ምክንያት የለም።

ተቃውሞ አለ፤ ሲራራ ንግድ ነው፣ በበቅሎ ነው ይባላል። አረብኛን መመልከት ነው። «ሰያራ» በቁርኣን፣ በዩሱፍ ታሪክ ውስጥ፣ የመንገደኞች ጓድ ነው፤ የዛሬ አረብ በዚሁ ቃል አውቶሞቢሉን ይጠራበታል። በረሃውን የሚያቋርጠው ሲለወጥ ቃሉን ለአዲሱ አወረሱት። ንግዱም ቢሆን ጨርሶ አልቀረም፤ በየውድድሩ ሜዳ ዙሪያ ድንኳን ተክለው ምግብና ልብስ የሚሸጡት ዕቃቸውን ጭነው የሚመጡ መንገደኞች ናቸው።

ሲራራ ከገባ ቤተሰቡን ይዞ ይገባል። ከፊት የሚነዳው መኪና ፊታውራሪ ነው፤ የማዕረጉ ጥንተ ትርጉምም ከፊት የሚቀድም ማለት ነው። መጨረሻ የሚነዳውና ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚጠብቀው ደጀን ይባላል። የሚጎተተው መኝታ ቤት «ተሳቢ ጎጆ» ይሁን፤ «ተሳቢ» የሚለውን የከባድ መኪና ሾፌሮች ካጸደቁት ቆይተዋል። በራሱ ሞተር የሚሄደው «ጎጆ መኪና»።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የሚሄድ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ቆሞ የከረመ ጎጆ መኪና ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ሊያረጅ ስለሚችል ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማየት ነው፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። የጭነት ልክም አለ፤ 150 ሊትር ውኃ ብቻውን 150 ኪሎ ነው፣ ከሰውና ከስንቅ በፊት። ወደ ዴንቨር በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚወጣ የአይዘንሃወርን ዋሻ 3,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያልፋል፤ የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር በፍሬን ሳይሆን በማርሽ እንደሚወረድ አይጠፋውም። በጁላይ የሞሃቪ በረሃ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ነውና ትኩስ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ የተፈለሰፉት ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል «ስንቅ» ይባላል፤ «የጉዞ ምግብ» ማለት አያሻም።

አንድ ቃል ብቻ ያከራክራል፤ ጎጆ መኪኖቹ ውኃና መብራት ተቀጥሎላቸው የሚያድሩበት ቦታ። «ካምፕ» በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የወታደር ወይም የስደተኛ ነው። «ማረፊያ» ደግሞ ሆቴሉንም ወንበሩንም ያጠቃልላል። «ሰፈር» ግን መጀመሪያ ድንኳን ተክሎ ያደረ ጭፍራ ያረፈበት ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት እዚያ ከሰፈሩ መኳንንትና ሠራዊት ነው። ዛሬ የመኖሪያ አካባቢ ማለት ስለሆነ ብቻውን ያደናግራል፤ «የሲራራ ሰፈር» ሲባል ግን ሎስ አንጀለስም ዴንቨርም ያለ ሰው የት እንደሚታደር ይገባዋል።