ቱርቦ ያለው ፒክአፕ ይሻላል ወይስ የሌለው? ከአይከል ዳገት ላይ ሲታይ

ከጎንደር ወጥቶ አዘዞን አልፎ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ የመኪና ሞተርን ለመፈተን ተብሎ የተቀየሰ ይመስላል። የጭልጋዋ አይከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነስቶ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ይህ ማለት በአንድ ጉዞ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ሰሊጡን ጭኖ ደግሞ ያንኑ ሽቅብ መውጣት ነው። ወደ ሌላኛው አቅጣጫ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ለሚሄደው ደግሞ ከፍታው 2,800 ሜትርን ያልፋል።

በዚህ አገር ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴውም ሆነ የመሥሪያ ቤት ግዥ ኃላፊው፣ የሚገጥመው አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ቱርቦ የሌለው ይሻላል፣ ጠንካራ ነው፣ የትም ይጠገናል» ይላል። ሌላው «ቱርቦ የሌለው ዳገት ላይ ይለምናል፣ ዲ4ዲ ግዛ» ይላል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ከእውነቱ ግማሹን ነው። የእኔ ሙያ ሕግ እንጂ መካኒክነት አይደለም። ቢሆንም ግራ ቀኙን ሰምቶ ማስረጃውን መመዘን ለዚህም ክርክር ይጠቅማልና እንሞክረው።

ሞተር የሚበላው አየር ነው

ሞተር ነዳጅ ብቻውን አያቃጥልም። ነዳጁ የሚነደው አየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሚፈጥረው ክፍተት አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሚያገኘውም በዙሪያው ያለውን ያህል ብቻ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። መሐንዲሶች በየ300 ሜትሩ ከሞተሩ ጉልበት 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል የሚል የቆየ የስሌት ደንብ አላቸው። በዚህ ደንብ መሠረት ቱርቦ የሌለው ሞተር አይከል ላይ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያጣል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከሩብ በላይ ይጎድለዋል። በስሜን ተራሮች የቧሂት መተላለፊያ መኪና የሚወጣበት ከፍታ ወደ 4,200 ሜትር ስለሚደርስ፣ እዚያ የሚጠፋው ከሦስት እጁ አንዱን ያልፋል።

በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ላይ ይህ በዓይን ይታያል። ፓምፑ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ለቆላ የተለካውን ናፍጣ ደጋ ላይም ይልካል። ትርፉ ናፍጣ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ከአዘዞ ዳገት ላይ ከፊታችሁ ያለውን መንገድ የሚያጠቁረው መኪና ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ አንዳንዱ አየር ያጠረው ነው። አንዳንድ ፓምፖች ለዚህ ተብሎ የሚገጠም የከፍታ ማካካሻ አላቸው። እርሱም ቢሆን ናፍጣውን ቀንሶ ጭሱን ያስቀራል እንጂ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም።

ቱርቦው ምን ይሠራል?

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተሰኩ ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ናቸው። አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል። ሌላው ደግሞ አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ታምቆ የሞቀውን አየር ለማቀዝቀዝ በብዙዎቹ ላይ ኢንተርኩለር የሚባል ራዲያተር መሰል ዕቃ ይጨመራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የተደረገው ሙከራ ነው። አውሮፕላኖች ከፍ ሲሉ ጉልበት ያጡ ነበርና ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እዚያ ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦ ገና ከማለዳው የተራራ አገር መድኃኒት ሆኖ ተፈትኗል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በእኛ መንገዶች የተለመዱ ሦስት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮችን እንውሰድ። የመጀመሪያው የላንድክሩዘር ፒክአፕና ሃርድቶፕ የሚታወቅበት 1ኤችዜድ ነው። ስድስት ሲሊንደርና 4,164 ሲሲ ያለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተ፣ 130 ያህል የፈረስ ጉልበትና 285 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ያለው ሞተር ነው። ሁለተኛው የድሮው ሃይሉክስ 5ኤል ነው። 2,986 ሲሲ ሲሆን ቱርቦ የለውም፤ የማዞር ኃይሉም ወደ 200 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ሦስተኛው ባለ ቱርቦው ዲ4ዲ 2.5 ነው። 2,494 ሲሲ፣ በመነሻ ደረጃው 102 የፈረስ ጉልበትና 260 ኒውተን ሜትር አለው።

የማዞር ኃይል ማለት ጭነት ይዞ ዳገት የሚያስወጣው ጉልበት ነው። በወረቀት ላይ ትልቁ 1ኤችዜድ ዲ4ዲውን ይበልጣል። አሁን ሁለቱን በዚያው የስሌት ደንብ መንገዱ ላይ እናውጣቸው። መተማ ላይ 1ኤችዜድ 265 ገደማ ይቀረዋል፤ ከዲ4ዲው ጋር እኩል ለእኩል ናቸው። አይከል ሲደርስ 225፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ 205 አካባቢ ይሆናል። ዲ4ዲው በተቃራኒው ቱርቦው የጎደለውን አየር ስለሚያካክስለት አብዛኛውን ጉልበቱን እንደያዘ ይወጣል። በሲሲ ከግማሽ ብዙም የማይበልጠው ሞተር ደጋ ላይ ትልቁን ይቀድመዋል ማለት ነው። 5ኤልማ አይከል ላይ 160 አካባቢ ስለሚቀረው ሙሉ ጭነት ይዞ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲያጣጥር ማየት የሚያስገርም አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጣው የሃይሉክስ ሞተር ልዩነቱን ይበልጥ አስፍቶታል። ባለ 2.4 ሊትሩ እስከ 400 ኒውተን ሜትር ይሰጣል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ዳገት ላይ የተጫነ ተሳቢን ለመቅደም የወጣ ሾፌር ጉልበት ካጣ፣ በተቃራኒው መስመር ላይ የሚቆይባቸው ሰከንዶች ይረዝማሉ። ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ ከቆላ ቀበሌ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ለሚወጣ አምቡላንስም ሰዓት ማለት ሕይወት ነው።

የቱርቦ አልባው ወገን ክርክር

ሌላውን ወገን ሳንሰማ ብይን አንሰጥም። የመጀመሪያው ክርክር ጥገና ነው። 1ኤችዜድና 5ኤል በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ፣ ኮምፒውተር የማይጠይቁ ሞተሮች ናቸው። ጥሩ መካኒክ በመፍቻና በጆሮው ያስተካክላቸዋል። ዲ4ዲው ግን ናፍጣውን እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት በረቂቅ ቀዳዳ ይረጫል። ይህ ሥርዓት ውኃና አቧራ ፈጽሞ አይወድም። ከበርሜል በጆግ የተቀዳ ናፍጣ 5ኤልን ሊያስነጥሰው ይችላል፤ የዲ4ዲን ኢንጀክተሮች ግን ይገድላቸዋል። እነርሱን ለመመርመር ልዩ መሣሪያ፣ ለመተካት ደግሞ ጠቀም ያለ ገንዘብ ያስፈልጋል። ልብ እንበል፦ እዚህ ላይ ጥፋቱ የቱርቦው ሳይሆን የነዳጅ መርጫው ነው። ሕዝቡ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ቱርቦ አስቸጋሪ ነው» ይላል እንጂ፣ ቱርቦ ኖሯቸው በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ ሞተሮችም ነበሩ።

ሁለተኛው ክርክር አነሳስ ነው። ቱርቦ የሚሠራው በቂ ጭስ ሲያገኝ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ፣ ጭቃ ውስጥ ወይም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ፣ ትንሹ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ያለ ቱርቦ ብቻውን ነው። ከፍታው ደግሞ ይህን መዘግየት ያብሰዋል። በዚህ ጊዜ 4.2 ሊትሩ በትልቅነቱ ያሸንፋል። ዲ4ዲ የሚነዳ ሰው ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ እንዳይነሳ ከባዱን ማርሽ ማስገባት መልመድ አለበት።

ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ከአይከል ወደ ቆላ ሲወረድም ሆነ ሊማሊሞ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው ፍሬን ብቻ ሳይሆን ማርሽ ነው። ትልቅና እመቃው ከ22 ለ1 የሚበልጥ ሞተር እንደ 1ኤችዜድ ያለው መኪናውን ወደ ኋላ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። እመቃቸው 15 እና 16 ለ1 አካባቢ የሆኑት አዳዲሶቹ ትንንሽ ሞተሮች አያያዛቸው ይላላል። ስለዚህ ባለ ቱርቦውን የያዘ ሾፌር ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይገባዋል።

የቱርቦ አያያዝ

የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው በሞተሩ ዘይት ላይ ነው። ብዙ ቱርቦ የሚሞተው በዕድሜው ሳይሆን በዘይት ጥፋት ነው። ዘይቱና ፊልትሮው ሳይዘገይ መቀየር አለባቸው። አቧራማ መንገድ ላይ የአየር ፊልትሮው ቶሎ ቶሎ ይታይ፤ ከፊልትሮው ያመለጠ ጠጠር በዚያ ፍጥነት የሚዞረውን መዘውር ይልጠዋል። ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ወዲያው ቁልፍ ማጥፋትም ጥፋት ነው። ዘይቱ በጋለው ዘንግ ላይ ይነድና ወደ ከሰልነት ይለወጣል። አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶው ይሥራ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በአንድ ደቂቃ ትዕግሥት የሚድን ነገር ነው። የናፍጣ ፊልትሮውን ውኃ ማፍሰስና ነዳጅ ከታመነ ማደያ መቅዳት ደግሞ ለኢንጀክተሮቹ ነው።

«ያለኝ 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ላስገጥምስ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ይቻላል፤ ግን ፋብሪካው ራሱ ባለ ቱርቦ ሲያወጣ ሞተሩን እንዳለ አልተወውም፤ ፒስተኑን ሳይቀር ቀይሮ ነው። ያን ሳያደርጉ ግፊት የጨመሩበት ሞተር ፒስተኑ ሲቀልጥ ወይም ቴስታታው ሲሰነጠቅ፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ።

አሮጌ ለሚገዛ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ትኩረት ስቧል። ባለ ቱርቦ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን፣ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ናፍጣው በአግባቡ አለመንደዱን ወይም ውኃ መግባቱን ይጠቁማል። እንደ ሳይረን የሚጮህ ቱርቦ ዘንጉ ሳይላላ አይቀርም። ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደው ቱቦ ሲፈታ ቀጭን የዘይት ወዝ ያለ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት ግን ምስክር ነው። ሞተር የተቀየረባቸው ፒክአፖች ጥቂት አይደሉምና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሊብሬው ላይ ያልሰፈረ ሞተር ስም ሲዛወር ጣጣ ያመጣል።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ገዢውንም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ውል ሲፈርም እያየ ያለፈውን ጉድለት በኋላ ይዞ መከራከር አያዋጣም። ስለዚህ መካኒክ ይዞ መሄድ፣ የሞተሩን ዓይነትና ቁጥር ውሉ ላይ ማስፈር፣ ጉድለት ሲገኝም ወዲያው በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ የትኛው?

ሥራው በአብዛኛው ከጎንደር ወደ አይከል፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በአስፋልት የሆነ፣ ጭነት የሚያበዛ፣ ነዳጁን ከታመነ ማደያ የሚቀዳና ለጥገና ጎንደር የሚደርስ ሰው ቱርቦ ያለውን ቢገዛ ይጠቀማል። ጉልበት ያገኛል፤ ለዚያው ሥራም ከትልቁ ሞተር ያነሰ ናፍጣ ያቃጥላል።

ከዋናው መንገድ ወጥቶ ቆላ ቀበሌዎች ውስጥ የሚከርም፣ ከበርሜል ነዳጅ ለመቅዳት የሚገደድ፣ መኪናው ቢቆም ጎታች ከሩቅ የሚጠብቅ ደግሞ 1ኤችዜድን የመሰለ ቱርቦ አልባ ሞተር ቢመርጥ አይፈረድበትም። ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ናፍጣም ይጨምራል፤ ግን ተመልሶ ይመጣል። 5ኤልን የመሰለው ትንሹ ቱርቦ አልባ ለከተማና ለቀላል ጭነት እንጂ ሙሉ ጭነት ይዞ ከመተማ አይከል ለሚመላለስ አይመከርም።

የግዥ ኮሚቴ አባላት ለሆኑ አንባቢያን ደግሞ አንድ ምክር፦ የጨረታ ሰነድ ላይ «ከዚህ ሲሲ ያላነሰ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። መኪናው በየትኛው ከፍታ፣ ምን ያህል ጭኖ እንደሚሠራና የት እንደሚጠገን ቀድሞ ይወሰን፤ ዝርዝሩ ከዚያ ይጻፍ። ሲሲው ብቻ ተለክቶ የተገዛ መኪና ዕዳውን የሚከፍለው ዳገቱ ላይ ያለው ሾፌርና የጫነው ሰው ነው።