የማኅበር መዋጮ በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደ ቀረ

ትምህርት በመጽሐፍና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይፈጸምም። ተማሪ በቴአትር ቡድን አንደበቱን ያፍታታል፤ በኳስ ሜዳ ማሸነፍንም መሸነፍንም ይለምዳል። ታዲያ ክፍሉ በነፃ፥ ማኅበሩ ግን በገንዘብ ቢሆን፥ ትምህርቱ በነፃ ነው ሊባል ይቻላልን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት በፍርድ የተመረመረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ከ1879 ጀምሮ ነፃ ትምህርት ቤት እንዲኖር ያዝዛል። ነገር ግን በ1978 ሕዝቡ የቤትና የመሬት ግብርን የሚወስን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። የኑሮ ውድነትና የተማሪዎች ቁጥር መቀነስ ተጨምሮበት የትምህርት ቤቶች ገቢ አነሰ። ስለዚህ በ1980 በሳንታ ባርባራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር በስፖርት ቡድን የሚገባ ተማሪ ለእያንዳንዱ ቡድን 25 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ቴአትርና ሙዚቃም እንዲሁ ክፍያ ተጣለባቸው። ችግሩን ላስረዳ ተማሪ ግን ክፍያው ይቀርለት ነበር።

ባርባራ ሃርትዜል የተባሉ ግብር ከፋይና የልጆች እናት ክፍያውን ከሚቃወም ማኅበር ጋር ሆነው ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ባይቀናቸውም፥ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 1984 ፈረደላቸው። ዋናዋ ዳኛ ሮዝ በርድ በጻፉት ሐተታ፥ እነዚህ ሥራዎች የትምህርቱ አካል ናቸው፤ የገንዘብ እጥረትም ሕገ መንግሥቱን አይሽርም አሉ። ለድኾች ምሕረት ማድረግም አልበቃም፤ ነፃ ማለት ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል ነፃ ማለት ነውና።

እኛን ይልቁን ያሳሰበን ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ልጅ በኳስ ለመጫወት አስቀድሞ ድኽነቱን ማስመስከር ካለበት፥ ብዙው ዝም ብሎ መቅረትን ይመርጣል። ታዴዎስ ስቲቨንስም በ1835 በፔንሲልቫኒያ ምክር ቤት የድኻ ልጆች ስም ተለይቶ እንዳይመዘገብ የተሟገቱት ስለዚሁ ነበር።

ይሁንና ከፍርዱ በኋላም ክፍያው በብዙ ስፍራ አልቀረም። በ2010 እንደገና ክስ ተነሣ፤ በ2012ም ወላጅና ተማሪ አቤቱታ የሚያቀርቡበት፥ ያላግባብ የተከፈለውም ገንዘብ የሚመለስበት ሕግ ወጣ። በፈቃድ የሚሰጥ እርዳታ ግን አልተከለከለም።

ኳሱና መለከቱ በእርግጥ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሆኖም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ወጪው በሕዝብ ሁሉ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ይቀላል። እኛም በማኅበሮቻችን ስለ መዋጮ በተነጋገርን ጊዜ የገባውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፥ ከደጅ የቀረውን ጓደኛችንንም እንቍጠር።